ሰላጣሽን የገደለው የምግብ እጥረት አይመስለኝም

«ያለ አፈር፣ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ላይ ሰላጣ ተክዬ ነበር። ሁለት ሳምንት አምሮበት ቆይቶ ጠወለገ፤ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተይው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሰላጣዎቼን የገደልኳቸው እንደዚሁ ነው።

ፓምፕ የሌላቸው አራት ባልዲዎች ነበሩኝ። ውሃው ጎደል ባለ ቁጥር ደግ የሠራሁ እየመሰለኝ እስከ አፋቸው እሞላቸዋለሁ። ሦስቱ ሞቱ። አራተኛውን ጥግ ላይ ረስቼው ኖሮ ክዳኑን ሳነሳ ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ሰላጣው ግን ደርቶ ቁጭ ብሏል! ከውሃው በላይ የተንጠለጠለው ሥር ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ ጸጉር አብቅሏል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ደግሞ ረጅምና ለስላሳ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሥር ይተነፍሳል። አፈር ውስጥ ቢሆን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት አየር ያገኛል፤ የቆመ ውሃ ውስጥ ግን ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። በዚህ አተካከል፣ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ስም የክራትኪ ዘዴ በሚባለው፣ ተክሉ ውሃውን ሲጠጣ ከላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ እዚያ ያለው ሥር አየር መሳብ ይለምዳል። እሱን መልሰሽ ስትሞዪበት ታንቆ ይሞታል። ስለዚህ ችግኙን ስትተክዪ ውሃው ችግኙ የተቀመጠባትን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማሰሮ ታች ነካ ያድርግ፤ ከዚያ ይውረድ። መጨመር ግድ ከሆነብሽም ትንሽ ብቻ፣ ክፍተቱን ሳትደፍኚ።

ሙቀትም አለ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር ወደ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ከ7.5 ብዙም አይበልጥም። ሥር የሚያበሰብሰው ፒቲየም የሚባል ተህዋስ ደግሞ ሙቅና አየር ያጣ ውሃ ይመቸዋል። ባልዲው ፀሐይ አይምታው፣ ውሃው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይለዋል። ብርሃንም አይግባበት፤ አልጌ ያበቅላል። እኔ የምፈትነው በጨለማ ውስጥ የባትሪ መብራት ባልዲው ውስጥ አስገብቼ ነው፦ ግድግዳው ካበራ ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ።

አሁን ወደ ማዳበሪያው። ለአፈር የተሠራ ዩሪያ አይሆንም፤ ዩሪያን ተክሉ በደንብ ወደሚወስደው ናይትሮጅን የሚለውጡት በአብዛኛው የአፈር ተህዋስያን ናቸው፣ ባልዲሽ ውስጥ ደግሞ በበቂ የሉም። ለሃይድሮፖኒክስ (ያለ አፈር በውሃ ለሚተከል) የተዘጋጀውን ግዢ። ብዙ ጊዜ «ሀ» እና «ለ» ተብሎ በሁለት ዕቃ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሁለቱን ሳላቀጥን አንድ ላይ ደባለቅኋቸው፤ ወዲያው እንደ ወተት ነጣና ታች ኖራ የመሰለ ነገር ዘቀጠ። በአንዱ ዕቃ ያለው ካልሲየም በሌላው ካለው ሰልፌትና ፎስፌት ጋር ተጣብቆ መዝቀጡ ነው፤ የዘቀጠውን ተክል አይበላውም። መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ አንዱን ጨምሮ ማማሰል፣ ከዚያ ሌላውን።

የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ከ7 ሲያልፍ ብረት ውሃው ውስጥ እያለ ተክሉ መውሰድ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ ይቀራል። ይህን አይቶ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው (እኔም ነበርኩበት)። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ቀድሞ ቢጫ የሆነው፣ ያኔ የናይትሮጅን እጥረት መጠርጠር ያስኬዳል። የኢሲ መለኪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዳበሪያ ብዛት የሚያሳይ) ካለሽ ለሰላጣ ከ1 እስከ 1.6 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ይበቃል። ቲማቲም ከ2 በላይ ይፈልጋል፣ ግን ለጊዜው ቲማቲም አትንኪ።

የያዝሽው ሰላጣ ነጭ ሥር ከተረፈው የበሰበሰውን ቁረጪለት፣ ውሃውን ቀይሪ፣ ዝቅ አድርጊው። ሁሉም ቡናማ ከሆነ ጣዪው። ባልዲውን በቀጠነ በረኪና እጠቢና ደጋግመሽ አለቅልቂው።

የዓሣ ገንዳ አየር ፓምፕ ካስገባሽ ባልዲው ሞልቶ ቢቆይም ግድ የለም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ውሃውን ቶሎ ቀነስ አድርጊ፣ ምክንያቱም ፓምፑ ሲቆም ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፣ ባልዲው ሞልቶ ስለነበር ደግሞ ሥሩ የሚተነፍስበት ክፍተት ከላይ የለውም።