«የሳሙራይ ሳጥን ነው ብሎ ሸጠልኝ» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ ታንሱ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለተጠራቀመ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ለማያውቅ፣ ታንሱ የሚባለው የጃፓኖች ባህላዊ የእንጨት ሳጥን ነው። መሳቢያ አለው፣ አንዳንዴ በር አለው፣ ማዕዘኑና ቁልፉ አካባቢ ብዙ ጊዜ ጥቁር ብረት ይለበጥበታል። የልብስ አለ፣ የመድኃኒት አለ፣ የነጋዴ መዝገብ የሚቀመጥበት አለ፣ የመርከብ አለ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አንድ ቤት ዕቃ ሲሸጥ የጃፓን ሳጥን በ400 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ የ300 ዓመት የሳሙራይ ሳጥን ነው አለኝ። አንዱ መሳቢያ ጀርባ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር አለ፤ ጃፓናዊት የሥራ ባልደረባዬ «ሜይጂ 25 ይላል» አለችኝ። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ በዋጋው አይመስለኝም፣ በወሬው ግን ተሸውደሻል። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ። በሜይጂ ዓመት ላይ 1867 ደምሪ፤ 25 ሲደመር 1867፣ 1892 ይመጣል። ታይሾ የሚል ከሆነ 1911፣ ሾዋ የሚል ከሆነ 1925 ትደምሪያለሽ። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሐበሻ ይሄ ከባድ ሒሳብ አይደለም።

በ1892 ደግሞ ሳሙራይ የሚባል መደብ አልነበረም። ሰይፍ ታጥቆ መንገድ ላይ መታየት እንኳን በ1876 ተከልክሏል። ሳጥንሽ የነጋዴ ወይም ደህና ኑሮ የነበረው ገበሬ ቤት ዕቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868፣ ተራው ሰው ምን ዓይነት ዕቃ ይኑረው የሚለውን መንግሥት እየገባ ይወስን ነበር። ያ ሲቀር ገንዘብ ያለው ሁሉ ሳጥን ማሠራት ጀመረ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚዞረው ታንሱ አብዛኛው የሜይጂና የታይሾ ዘመን የሆነውም በዚህ ነው፣ እና ይሄ ምንም ነውር የለበትም።

ግን ጽሑፉን ብቻ አትመኚ፣ መሳቢያ ከሌላ ሳጥን ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጪውና ገልብጪው። ታቹን በጣትሽ ዳብሺው፤ በእጅ የተላገ እንጨት ትንሽ ወጣ ገባ ይላል። የተያያዘው በምንድን ነው? የቀርከሃ ወይም የእንጨት ችንካር ከሆነ ጥሩ ነው፣ ክብ ራስ ያለው የፋብሪካ ሚስማር ከሆነ ወይ ዘግየት ብሎ የተሠራ ነው ወይ በኋላ ተጠግኗል። ከዚያ ብረቱን እዪ። አንጥረኛ የቀጠቀጠው ብረት ውፍረቱ እኩል አይደለም፣ ግራና ቀኙም ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆንም። ማሽን የቆረጠው ስስ ነው፣ ሁሉም መንትያ ነው። ሻጭ የፈለገውን ያውራ፣ መሳቢያ አይዋሽም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። ነጣ ያለ፣ በጣም ቀላል የልብስ ታንሱ አለኝ። አንዱን መሳቢያ ስዘጋ ሌላው በራሱ ብቅ ይላል። ልጆቹ «ሰይጣን አለበት» እያሉ ይስቃሉ። አናጢ ልጥራ?

መልስ፦ ኧረ አይጥሩ! እንዲህ ዓይነቱን ጃፓኖች ራሳቸው ፈልገው ነው የሚገዙት። ያለዎት የኪሪ ታንሱ ነው። ኪሪ ፓውሎኒያ የሚባለው ዛፍ ነው፣ ከጃፓን እንጨቶች ሁሉ ቀላሉ። ባለሙያው መሳቢያውን ልክክ አድርጎ ስለሠራው አየር መውጫ የለውም። አንዱን ሲገፉት ውስጥ ያለው አየር ሌላውን ገፍቶ ያወጣዋል። አናጢ ጠርተው ቢያስልጉት የከፈሉበትን ጥበብ አስላጉት ማለት ነው።

ኪሪ እርጥበት ሲመጣ ያብጥና ሳጥኑን ይዘጋዋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ኪሞኖ የሚባለው የጃፓኖች ባህላዊ የሐር ልብስ በዚህ ነው ሳይሻግት የሚቀመጠው። እሳት ሲነካውም ላዩ ቶሎ ይከስላል እንጂ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ ይወስድበታል። ዛፉ ቶሎ ስለሚያድግ ድሮ ሴት ልጅ ስትወለድ ኪሪ ይተከል ነበር፣ ስትዳር ተቆርጦ ይዛው የምትሄደው ሳጥን እንዲሆን። ኒጋታ ውስጥ ያለችው የካሞ ከተማ እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ትታወቃለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ከአጎቴ የወረስኩት ጥቁር ቀይ የሆነ ታንሱ ላዩ ደብዝዟል። አናጢው «ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባልህ» ይላል። ላስቀባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ያ ሰውዬ ሳጥኑ አጠገብ እንዳይደርስ! ላዩ ላይ ያለው ኡሩሺ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ የጃፓኖች ላከር (የሚያብረቀርቅ ቅብ) ነው፣ የኡሩሺ ዛፍ ግንድ ተበጥቶ ከሚንጠባጠብ ፈሳሽ የሚገኝ። ጥሬውን የነካው ሰው ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ሠሪዎቹ እስኪለምዱት ድረስ ይሰቃያሉ። ደግሞ የሚገርመው እንደ ሌላው ቀለም ደረቅ አየር አይፈልግም። የሚጠነክረው ሞቅ ባለ፣ እርጥበት ባለው ቦታ ስለሆነ ቀቢዎቹ ለዚሁ የተሠራ ቁምሳጥን ውስጥ ይከቱታል። በስሱ ይቀባል፣ ይጠነክራል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ይቀባል። አንዴ ከጠነከረ አልኮልም አሲድም አይበግረውም። የሚጎዳው ፀሐይ ነው። የአንተ የደበዘዘው መስኮት አጠገብ ስለከረመ ይሆናል።

ስለዚህ ከመስኮት አርቀው፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ በቃ። የሚረጭ የቤት ዕቃ ማጽጃ አታስጠጋው። የበጋው ደረቅ አየር እንጨቱን ስለሚያኮማትረው ላከሩ ሊላቀቅ ይችላል (አሜሪካ ያላችሁ የክረምቱን ማሞቂያ፣ ገልፍ ያላችሁ ኤሲውን አስቡ)፤ እና ማሞቂያ ወይም ኤሲ ፊት ለፊት አታስቀምጡት። ከላይ ላሉት የሲያትል ሰው ግን ሕጉ ይለያል። የኪሪ ታንሱ ላዩ ሲያረጅ ጃፓን ያሉ ባለሙያዎች ራሳቸው በስሱ ልገው አዲስ ያደርጉታል። ይሄንን ሰምቶ የኡሩሺውን የሚልግ እንዳይኖር አደራ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ግን ለማንሳት የሚከብድ፣ ፊቱ በሙሉ ብረት የሆነ ሳጥን አለኝ። ቁልፉ ጠፍቷል። ልስበረው?

መልስ፦ እንዳትሰብረው! ገለጻህ የመርከብ ታንሱ፣ ፉና-ዳንሱ፣ ይመስላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከታንሱ ሁሉ ቁንጮው ይሄ ነው። ኪታማኤቡኔ የሚባሉት የንግድ መርከቦች በጃፓን ባህር ጠረፍ ከሆካይዶ እስከ ኦሳካ ሲመላለሱ ካፒቴኑ ገንዘቡን፣ ማኅተሙንና የንግድ ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ነበር። የታወቁት መሥሪያ ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ሳዶ ደሴት ላይ ያለችው ኦጊ፣ ሳካታ እና ሚኩኒ። ውጩ ኬያኪ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፣ ላዩ ብረት፣ ውስጡ ኪሪ። መርከቧ ብትሰጥም ሳጥኑ ይንሳፈፋል ይባልለታል።

ውስጡን ስትከፍት ደግሞ ጨዋታው ይጀምራል። መሳቢያ ታወጣለህ፣ ከኋላው ባዶ ግድግዳ ይመስላል፣ ግድግዳውን ወደ ጎን ስትገፋው ሌላ ትንሽ ሳጥን አለ፣ እሱም ውስጥ ሌላ ሊኖር ይችላል። ሌባ ሳጥኑን ቢከፍት እንኳን ብሩን እንዳያገኝ ነው። በመፍለጫ ከከፈትከው ይሄንን ሁሉ ነው የምታበላሸው። የድሮ ቁልፍ የሚሠራ ባለሙያ ፈልግ፣ ዋጋው ቢያስከፋህም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ጎማ ያለው ታንሱ አየሁ። ጎማው በኋላ የተገጠመ ነው?

መልስ፦ ከእንጨት የተሠራ ከሆነና ከሳጥኑ መሠረት ጋር አብሮ ከተዋቀረ አይደለም። ከትልልቆቹ ሳጥኖች ለእሳት ቃጠሎ ተብለው ጎማ የተሠራላቸው ነበሩ፤ ቤቱ ሲነድ ንብረትህን እየገፋህ ልትወጣ። በ1657 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ስትቃጠል ግን ሰው ሁሉ ሳጥኑን ይዞ ወጣና መንገዱ ተዘጋ። በዚያ ቃጠሎ ከ100,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በ1683 በኤዶ፣ በኪዮቶና በኦሳካ ባለ ጎማ ሳጥን ተከለከለ። ገጠሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። የላስቲክ ወይም የብረት ትናንሽ ጎማ ከሆነማ ዘመዶቻችን የገጠሙት ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ዘንዶና መርከብ በሙሉ የተቀረጸበት፣ ሲከፈት ኃይለኛ ሽታ ያለው ሳጥን ገዛሁ። ታንሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ የቻይና ነው። ሽታው የካምፎር እንጨት ነው፣ ብል ያባርራል። እንዲህ ዓይነቱ ሆንግ ኮንግና ጓንግዶንግ አካባቢ ለውጭ ገበያ በብዛት ተሠርቷል፣ በተለይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን። ታንሱ ላይ እንጨቱ አይቀረጽም ማለት ይቻላል፣ ጌጡ ብረቱና የእንጨቱ መስመር ነው። በላይኛው ግማሽ በኩል ፊቱ ወደ ታች የሚከፈት ሳጥን ካጋጠመሽ ደግሞ ባንዳጂ ይባላል፣ የኮሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሮጌውን ሳጥን ቴሌቪዥን ማስቀመጫ እናድርገው ትላለች። ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር እንኳን አይደለም፣ መጀመሪያ ግን ምን እንደሆነ አስመርምሩት። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1970 ለንደን ውስጥ በ100 ፓውንድ የገዛውን ሳጥን ለዓመታት ቴሌቪዥን አስቀመጠበት፣ በኋላም መጠጥ ደረደረበት። ለካስ በ1640 ገደማ ኪዮቶ ውስጥ በወርቅ ላከር የተሠራ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር የነበረው የካርዲናል ማዛሪን የነበረ ነው። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዚህን ሳጥን አምሳያ ይዞ ይሄኛውን ለብዙ ዓመታት ሲያፈላልገው ነበር። በ2013 አምስተርዳም የሚገኘው ራይክስሙዚየም በ7.3 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። የእናንተ እንደዚያ ባይሆንም ቴሌቪዥኑ ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፤ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የስኒዬ ቂጥ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኒፖን» ይላል። ስንት ዓመቱ ነው?

መልስ፦ የአሜሪካ ሕግ ከ1891 ጀምሮ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የት እንደተሠራ ይጻፍበት አለ። ጃፓኖች «ኒፖን» ብለው ጻፉ፣ በ1921 ደግሞ አሜሪካኖቹ «ጃፓን ይባል» አሉ። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ሊሆን ይችላል። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ካገኛችሁ ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1952 ያለው ነው። ግን ማኅተሙን አስመስለው የሚያትሙ ስላሉ ሥዕሉንም እዩት፤ የእጅ ሥዕል ላይ የብሩሹ ጭረት ይታያል፣ የታተመው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው።

ጥያቄ፦ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸች ትንሽ የጃፓን ምስል አለችኝ። ሁለት ቀዳዳ አላት። አሜሪካ ይዤ ልግባ?

መልስ፦ ኔትሱኬ ናት። ኪሞኖ ኪስ ስለሌለው ሰው ቦርሳውን በገመድ ከመቀነቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ ገመዱ በሁለቱ ቀዳዳ ይገባል፣ ምስሏም ገመዱ እንዳያመልጥ ትይዘዋለች። ቆንጆ ነገር ናት፣ ግን ከ2016 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ በዝሆን ጥርስ ላይ በጣም ጠብቋል። ከ100 ዓመት በላይ መሆኗን የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለህ ኤርፖርት ላይ ልትወረስብህ ትችላለች። ሰነዱ ቢኖርህም ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ሻንጣ ከማዘጋጀትህ በፊት የሁለቱንም አገር የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ካልሆነ አክስትህ ጋ ትቀመጥ።