ሽጉጡ ረገጠኝ ላለው የአዘዞ ልጅ

ጥያቄው የመጣው ከአላስካ ነው። ኮዲያክ ደሴት ላይ፣ ዓሣ ማቀነባበሪያ ውስጥ የሚሠራ የአዘዞ ልጅ ነው የላከው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በእረፍት ቀኔ ሳልመን ላጠምድ ወንዝ እወርዳለሁ። አገሩ ድብ የሞላበት ስለሆነ ያገለገለ ባለ 44 ማግነም ስድስት ጎራሽ ገዛሁ። ሲይዙት ላባ ነው፣ ለዚያ ነው የወደድኩት። ስተኩሰው ግን ግንባሬን ሊለኝ ምንም አልቀረው። የመሐል ጣቴ አንጓ ተላጠ። በ10 ሜትር ላይ ደግሞ ጥይቱ ሁሌ ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል። ጓደኛዬ ማነጣጠሪያውን አስተካክለው ይለኛል። የጎንደር ልጅ ሆኜ ሽጉጥ ፈራሁ፣ ምን ይሻለኛል?»

ማነጣጠሪያውን እንዳትነካው። ጓደኛህንም ለጊዜው አትስማው።

ለማታውቁኝ፦ አሪዞና ውስጥ መሣሪያ ጥገና ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጎንደር ተመልሼ የውኃ ፓምፕ ነው የምጠግነው። ፓምፕ አይራገጥም፣ ተመስገን ነው።

በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ሁሌ ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ከመታ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽጉጡ አይደለም። እጅህ ከጥይቱ እየቀደመ ነው። ምላጩ ሊለቅ ሲል ሰውነትህ ርግጫው እንደሚመጣ ያውቃል፣ ስለዚህ አንተ ሳታዝዘው አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። አረሩ ከቱቦው የሚወጣው በአንድና በሁለት ሺህኛ ሰከንድ መሐል ነው። ርግጫው መዳፍህ ላይ ሲሰማህ እሱ ሄዷል። ስለዚህ ዒላማህን ያበላሸው ርግጫው ራሱ አይደለም፤ አንተ ርግጫውን ልትቀበል መዘጋጀትህ ነው።

ካላመንክ ፈትነው። ሲሊንደሩን፣ ያን ስድስቱ ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ጓደኛህ ይሙላልህ፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጥይት፣ አንዳንዱ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ ያድርግ፣ የቱ የት እንዳለ ግን አይንገርህ። ቀለህ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል እንጂ አይተኩስም፣ ያኔ አፈሙዙን እየው። እንደ ዶሮ አንገት ወደ ታች ሲደፋ ታየዋለህ። እኔም መጀመሪያ ሲሠሩብኝ ተደፍቶብኛል፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ።

ደግሞ ያ «የጎንደር ልጅ» የምትለው ነገር ይቅርብህ። እዚህ ሠርግ ላይ ሽለላው ሲግል ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ሰው አይተኸዋል፣ እንዴት እንደሚያምርበትም ታውቃለህ። ግን ጥይቱ የት ዋለ ብሎ የጠየቀው አለ? ሰማይ ትልቅ ዒላማ ነው። ያ ሰው ወረቀት ተሰቅሎለት በ10 ሜትር ቢተኩስ እጁ እንደሚቀድም ያን ጊዜ ይገባው ነበር። የወረደው አረር የማን ጣሪያ ላይ እንዳረፈ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ላባዋ እንምጣ። ችግርህ ግማሹ እሷ ናት። 44 ማግነም የሚባለው ኃይለኛ ጥይት በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) የተሠራለት ከባድ የብረት ሽጉጥ ነበር፣ ክብደቱ ወደ 1.3 ኪሎ። ያንተዋ ላባ ከሆነች ከቀላል ብረት የተሠራች፣ 750 ግራም አካባቢ የምትመዝን ትሆናለች። ወደ 15 ግራም ተኩል የሚመዝን አረር በሰከንድ 400 ሜትር ሲወረወር የሚመለሰው ግፊት ሽጉጡ ከበደም ቀለለም ያው ነው። የሚለየው ሽጉጡ ወዳንተ የሚመጣበት ፍጥነት ነው። ወረቀት ላይ ሳሰላው ከባዱ ወደ 24 ጁል (የርግጫው ጉልበት መለኪያ ነው) ይመልሳል፣ ያንተዋ ከ40 ጁል በላይ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አያቶቻችን የተኮሱት ውጅግራ፣ ያ የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። ያንተም አረር 11 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ግን ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ያውም ትከሻ ላይ ተደግፎ። አንተ የዚያን ስፋት አረር ከ1 ኪሎ በታች በሆነ ነገር፣ በእጅ አንጓህ ብቻ ነው የምትቀበለው። ብትፈራ ይገርማል?

መድኃኒቱ ደጋግሞ መመታት አይደለም። «ትለምደዋለህ» የሚሉህን አትስማ፤ የሚለመደው መሸማቀቁ ነው። ወደ ለስላሳ ጥይት ውረድ። 44 ስፔሻል የሚባል ጥይት አለ፣ ከ1907 ጀምሮ ያለ። ማግነሙ ራሱ ከሱ ነው የተወለደው፤ አይዳሆ የነበረው ከብት አርቢና ጸሐፊ ኤልመር ኪት ለዓመታት ባሩድ እያበዛበት ሲሞክር ቆይቶ ነው ፋብሪካዎቹ ቀለሁን ትንሽ አስረዝመው ያወጡት። ስለዚህ ስፔሻሉ ያንተ ሽጉጥ ውስጥ ይገባል፣ ያለ ችግር ይተኮሳል። በላባዋ እንኳ ርግጫው ወደ 11 ጁል ይወርዳል፣ ከከባዱ ሽጉጥ ማግነም ግማሽ በታች ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ በሱ ብቻ ተኩስ። ቀለሁ አጭር ስለሆነ ግን ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር የባሩድ ቀለበት ይጥላል። በናስ ብሩሽ አጥራው። ካላጠራኸው ረጅሙ ማግነም ሲገባ ይጣበቃል፣ ሲወጣም ያስቸግርሃል።

ማታ ማታ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለ ጥይት ሳብ። ሲሊንደሩን ሦስት ጊዜ እይ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፣ የልምምድ ባዶ ጥይት ክተትበት። የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ሳንቲም አስቀምጠህ ሳይወድቅ ምላጩን መሳብ ነው ሥራህ። ሃያ ጊዜ ይበቃል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

አያያዝ። የላክኸው ፎቶ ላይ እንዳየሁት ዝቅ አድርገህ ይዘሃል። እንዲያ ስትይዘው ሽጉጡ መዳፍህን መፈንቅል አድርጎ ወደ ግንባርህ ይዞራል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያለውን ሥጋ የመያዣው ጀርባ ላይ ከፍ አድርገህ አስገባው፣ መቺው ሲመለስ እንዳይነክስህ ብቻ ተጠንቀቅ። ግራ እጅህ የቀኙን ጣቶች ከላይ ጠቅልሎ ይጭመቅ፤ ከቀኙ ይልቅ እሱ ነው ጠንክሮ የሚይዘው፣ ምክንያቱም ቀኙ ምላጭ መሳብ አለበት። የግራውን አውራ ጣት በቀኙ አውራ ጣት ላይ ጫነው። ሁለቱም ከሲሊንደሩ ኋላ ይሁኑ! አውቶማቲክ ሽጉጥ የለመደ ሰው አውራ ጣቱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ እዚህ ግን በሲሊንደሩና በቱቦው መሐል ካለችው ክፍተት የሚወጣው ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል። ክርንህን አታድርቀው፣ ትንሽ እጠፈው። ደረትህን ወደ ፊት አዘንብል። ሽጉጡ ይነሣ፣ አትከልክለው፤ ከክንድህ ጋር አብሮ ተነሥቶ አብሮ ይመለስ።

የተላጠችው አንጓህ የምላጩ ከለላ የመታት ናት። የእንጨት መያዣው ቀጭን ከሆነ አውጥተህ ጀርባውን ጭምር የሚሸፍን የጎማ መያዣ ግጠምለት። ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከየትኛውም ምክሬ ይበልጣል። እስክትድን ድረስ ግን ምንም አትተኩስ። የሚያምህን ጣት እያሰብክ ምላጭ ስትስብ ያ መሸማቀቅ ይብስብሃል።

ወደ ማግነሙ ስትመለስ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ጉረስ። አንድ። ርግጫው እጅህን ሲያናውጠው ጣትህ ሳታውቀው ሁለተኛ ሊስብ ይችላል፣ ያኔ አፈሙዙ ሰማይ ወይም ወዳንተ እያየ ነው። ለእጁ አዲስ የሆነ ሰው እንዲህ ሲደርስበት አይቻለሁ፣ ጣሪያው ቀዳዳ ይዞ ቀረ። አንድ አንድ እያልክ ከለመድክ በኋላ ሁለት፣ ከዚያ ስድስት። በአንድ ቀን ከ12 ማግነም አትለፍ። በጆሮህ መሰኪያም፣ ላዩ ላይ መከላከያም አድርግ፤ ሁለቱንም። ድምፁ ራሱ ነው ግማሹን የሚያስደነግጥህ። መነጽርም እንዳትረሳ።

አሁን ለአንተ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነገር። ቀላል ሽጉጥ ሲራገጥ ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ከቀለሁ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ቀለሁ ከሽጉጡ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አረሩ ግን ክብደቱ ያስቀረዋል። በቂ ከወጣ ጫፉ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ብሎ ቱቦው ላይ ይጋጫል፣ ሲሊንደሩም አይዞርም። አሪዞና አንድ ደንበኛ እንደዚህ ተቆልፎበት፣ የቀሩት ጥይቶች ውስጡ እንዳሉ፣ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እኛ ጋ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ቀስ ብለን ፈታነው። ድብ ፊት ቢሆንስ? ስለዚህ ልትይዘው ካሰብከው ጥይት ስድስት ጉረስ፣ አንዱን ምልክት አድርግበትና ርዝመቱን በካሊፐር፣ በዚያ ሚሊ ሜትር ቆጣሪ መለኪያ፣ ለካው፣ አምስቱን ተኩስ፣ ምልክት ያለውን አውጥተህ እንደገና ለካው። ከረዘመ ያ ጥይት ላንተ ሽጉጥ አይሆንም፣ ሌላ ዓይነት ፈልግ። አምስት ማግነም ለመተኮስ በልምምድ አስቀድመህ መብቃት አለብህ እንጂ ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት እንዳትሞክረው።

ብሎኖቹንም እያቸው። የሲሊንደሩ ማውጫ ዘንግ በርግጫ ይላላል፣ ከላላ ሲሊንደሩ አልከፈት ይልሃል። ከተኩስ በፊት በጣትህ ፈትሸው።

ይሄ ሁሉ ብዙ መስሎ ከታየህ ሌላም መንገድ አለ፦ ሽጠህ 1.3 ኪሎውን ግዛ። ወገብህ ላይ ይከብድሃል፣ ስትተኩሰው ግን ታመሰግነኛለህ። ድብ የሚያባርረውን የበርበሬ ስፕሬይህን በየትኛውም ሽጉጥ ምክንያት ቤት እንዳትተው። ለፋሲካም ስትመጣ ሽጉጡን እዚያው አስቀምጠህ ና፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው። እኔ የምፈልገው የዒላማ ወረቀቶችህን ነው፣ የስፔሻሉን ወር ስትጨርስ ቀን ጽፈህባቸው በፎቶ ላክልኝ።