ሰርቨሩን ከመግዛቴ በፊት ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ አስመጥቼ እሸጣለሁ። ቃሊቲ መጋዘን፣ አዳማ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ አለኝ። ሠራተኞቼ 14 ናቸው። ሂሳባችን በፒችትሪ፣ ስቶኩ በኤክሴል ነው የሚያዘው። ኮምፒውተሩን የሚከታተልልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል፣ ታማኝ ነው፣ ሽያጭም ያግዘኛል። ከጥር ወዲህ ግን ሥራው ተበላሽቶብኛል። መጋዘን ያለው ዕቃና ሱቅ የሚታየው ቁጥር አይገጥምም። ሁለት ጊዜ ሙሉ ቀን «ሲስተም የለም» እያልን ደንበኛ መልሰናል። አንድ ድርጅት ሦስቱን ቦታ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ከነሰርቨሩ (መረጃው ሁሉ ከሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር ጋር) ልሽጥልዎት ብሎ የ1.9 ሚሊዮን ብር ፕሮፎርማ ሰጠኝ። የእህቴ ልጅ «አያስፈልግም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ይላል። አንድ ወዳጄ ደግሞ መጀመሪያ ከውጭ የአይቲ አማካሪ ቅጠሪ አለኝ። እኔ ይሄ የትልልቅ ድርጅቶች ነገር ነበር የሚመስለኝ። ምን ይመክሩኛል? ልጁስ አይከፋውም?

መልስ፦ ይቅጠሩ። ግን በወር ደሞዝ አይደለም። የአምስት ወይም የስድስት ቀን ሥራ ነው።

እስቲ አሁን ማን ማን እየመከረዎት እንደሆነ ይዩ። አንዱ ሻጭ ነው። «አያስፈልግዎትም» ቢል ገበያው ይቀርበታል። ሌላው የእህትዎ ልጅ ነው። «ያስፈልገናል» ቢል እስከ ዛሬ የሠራውን የነቀፈ ይመስለዋል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ሁለቱም በመልሱ ውስጥ የየራሳቸው ጉዳይ አለባቸው። የውጭ አማካሪ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ የማይመለስ ሲሆን፣ ገዙም አልገዙም ምንም የማይቀርበት ሰው ደግሞ አጠገብዎ ሲጠፋ። የሠራተኛ ብዛት አይወስነውም። ዕቃው ሦስት ቦታ የተበተነ ባለ 14 ሠራተኛ ነጋዴ፣ 60 ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ ካለው የበለጠ ይቸገራል።

ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ፣ ፓስወርድ ሲረሳ፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ አማካሪ አይጠራም። ያ የልጁ ሥራ ነው።

ይህን አፌን ሞልቼ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ቤት ዘጠኝ ዓመት አይቲ ሠርቻለሁ። ብቻዬን ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ «የውጭ ሰው መጥቶ ይየው» ባሉ ቁጥር ይከፋኝ ነበር። ያላመኑኝ ይመስለኝ ነበር። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለን እላለሁ፤ እውነትም ነበረን። ሰርቨሩ ጎን ጥቁር ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል። ማታ 11፡30 ላይ ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። እሷን አይቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንድ ሐምሌ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የመጨረሻው ፋይል የጥር 20 ነው። ዲስኩ ከሞላ ስድስት ወር ሆኖታል። መብራቷ ስትበራ የነበረው ሊጽፍ እየሞከረ ሲያቅተው ነው። አራት ሰው ሆነን ደረሰኝ ከካርቶን እያወጣን እስከ መስከረም እንደገና አስገባን። ደህና አማካሪ መጥቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይህን ባክአፕ መልሰህ ከፍተህ ታውቃለህ?» ብሎ ነበር። ለማወቅ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ትልልቆቹም አይቀርላቸውም። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኖትፔትያ የሚባል ቫይረስ የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ማርስክን መታው። ምናልባት የእርስዎንም ኮንቴይነር ያመጡ ይሆናል። በአስር ቀን ውስጥ 45,000 ኮምፒውተርና 4,000 ሰርቨር እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆነባቸው። የኔትወርካቸውን መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ሆነው አንዱ ለሌላው ባክአፕ ነበሩ። ሁሉም እርስ በርስ የተገናኙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። ጋና የነበረው አንዱ ብቻ ተረፈ። የተረፈውም እዚያ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበር ነው። የእርስዎ አማካሪም ከኔትወርክ የተነጠለ፣ ከሱቁ ውጭ የሚቀመጥ አንድ ቅጂ መኖሩን ሳያይ ስለ ሶፍትዌር ማውራት ከጀመረ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ወደ ስቶኩ ልምጣ። አማካሪው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እንዲውል አይፍቀዱ። አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የቪትዝ የፍሬን ሸራ፣ ከኮንቴይነር ወርዶ ደረሰኝ እስኪቆረጥለት ድረስ በእግሩ ይከተል። ቃሊቲ ይሂድ፣ አዳማ ይሂድ። እኔ የምጠረጥረው እዚያ ነው። ሱቅ ደውሎ «ሁለት ካርቶን ላክ» ይላል፣ ዕቃው በሚኒባስ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ሰኞ ይጻፋል። ይህ ካልተስተካከለ የ1.9 ሚሊዮኑ ሶፍትዌርም ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያሳየዎት። ምናልባት መፍትሔው አንድ የመውጫ ቅጽና አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ይሆናል።

ሶፍትዌሩ ያስፈልጋል ካለ ደግሞ ፕሮፎርማውን መስመር በመስመር ያንብብልዎ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዳማ መሸጥ ይችላል ወይ? የየዓመቱ ላይሰንስ ስንት ነው? ውል ብታቋርጡ ዳታውን በኤክሴል ይሰጧችኋል ወይ? ይሄኛው ብዙ ሰው ያቃጠለ ነው፤ በጽሑፍ ይቀበሉ። ያሏችሁ ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ 10 የሚሠሩ ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እነሱን የመቀየሩ ወጪ ከ1.9 ሚሊዮኑ ውስጥ ነው ወይስ በኋላ የሚመጣ?

ስለ ሰውየው፦ ዕቃም ሶፍትዌርም የማይሸጥ፣ ከማንም ሻጭ ኮሚሽን የማይቀበል መሆኑ ውሉ ላይ ይግባ። ከቀድሞ ደንበኞቹ ለሁለቱ ይደውሉና «አትግዙ ያላችሁ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሪፖርቱን እርስዎ በሚገባዎት አማርኛ ይጻፍ። የክፍያው ግማሽ ሪፖርቱን ካስረከበ በኋላ ይሁን። የእርስዎን ፓስወርድ አይስጡት፤ ጊዜያዊ ይከፈትለት፣ ሲሄድ ይዘጋ።

የልጁን ነገር ከልብ ነው የማስብልዎት፤ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ራስዎ ይንገሩት እንጂ በር ላይ አያግኘው። «የምገዛውን ነገር የሚያይልኝ ሰው ነው፣ አንተም የከበደህን ጠይቀው» ይበሉት። አምስቱንም ቀን አብሮት ይዋል። አማካሪው ሲሄድ የሚቀረው እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ሱቅ ሳይዘጋ ደግሞ የትናንቱን የፒችትሪ ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍትልዎት ይጠይቁት። አጠገቡ ቁጭ ብለው የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር በዓይንዎ ይዩ። ከተከፈተ ፕሮፎርማው አንድ ወር ቢያድርም ምንም አይሆኑም። ካልተከፈተ ነገ ጠዋት ለአማካሪው ይደውሉ።