ለፔንዱለም ላቦራቶሪ አዲስ ስቶፕዋች አትግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ሜትር ክር ላይ ኳስ አስራችሁ የምታወዛውዙት ፔንዱለም የአንዱ ምልልስ (ሄዶ የመመለስ) ጊዜ አንዴ 1.87፣ አንዴ 2.12፣ አንዴ 1.95 ሰከንድ እየሆነባችሁ፣ ከዚያ የምታሰሉት ጂ (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት) 9.8 አካባቢ መምጣት ሲገባው ከ8.8 እስከ 11.3 እየዘለለ፣ የላቦራቶሪ ረዳቱም «ድገሙት» ብሎ መልሷችሁ፣ «ስቶፕዋቹ ተበላሽቶ ይሆን? የተሻለ ልግዛ ወይ?» ብለሻል። ብርሽን አታባክኚ። ስቶፕዋቹ ምንም አልሆነም። እኔም ፍሬሽማን ሆኜ በዚሁ ላብ ተንገላትቻለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ይህንኑ አስተምራለሁ። ፎርሙላውን ታውቂዋለሽና እሱን ልለፈው።

1. ስክሪኑ ላይ የምታዪው 0.01 የመሣሪያው ነው፤ የእጅሽ አይደለም። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። አሁኑኑ መሞከር ትችያለሽ። ጓደኛሽ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ይያዝልሽ፣ አንቺ ዜሮው ጋ ጣቶችሽን ከፈት አድርገሽ ጠብቂ፣ ሳይነግርሽ ይልቀቀው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዝሽው 0.2 ሰከንድ ፈጅቶብሻል፤ 15 ላይ ከያዝሽው 0.17 ግድም። ፔንዱለሙ ተመላላሽ ስለሆነ መምጫውን እየገመትሽ ትጫኛለሽ፣ ስለዚህ ስህተቱ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ግን አይጠፋም። ሁለት ሰከንድ በምትፈጅ ምልልስ ላይ 0.1 ብትስቺ 5 በመቶ ነው። ጂን ስታሰዪ ጊዜው በስኩዌር ስለሚገባ 10 በመቶ ይሆናል። ያንቺ 8.8 እና 11.3 የመጡት ከዚህ ነው።

2. አንድ ምልልስ ለብቻው አትለኪ። 20 ምልልስ ባንድ ትንፋሽ ለክተሽ ለ20 አካፍዪ። 0.2 ሰከንድ ብትስቺ እንኳ ሲካፈል 0.01 ብቻ ይቀርሻል፣ ጂ ላይ 1 በመቶ። «አንዱን ደጋግሜ ለክቼ አማካይ ብወስድስ?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። አንድ ምልልስ 10 ጊዜ ለክቶ አማካይ መውሰድ መዋዠቁን የሚቀንሰው በ3 እጥፍ ገደማ ነው፣ የ10 ስኩዌር ሩት ስለሆነ። 10 ምልልስ ባንዴ መለካት ግን ስህተቱን በ10 እጥፍ ያሳንሰዋል። ፔንዱለሙ የተወዛወዘው በሁለቱም እኩል ነው!

3. ስትጫኚ «ዜሮ» ብለሽ ጀምሪ። «አንድ» ብለሽ ከጀመርሽ 20 ስትይ የተቆጠረው 19 ነው። የዚህ ክፋቱ ብትደጋግሚውም አለመጋለጡ ነው፤ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ሆነው ይመጡና ልክ የሆንሽ ይመስልሻል። ምልክቱን ልስጥሽ፦ ጂ ሁልጊዜ 10.8 አካባቢ እየመጣ ካስቸገረሽ፣ ሌላ ነገር ከመመርመርሽ በፊት አቆጣጠርሽን እዪ።

4. ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተጫኚ። ጫፍ ላይ ቆም ስለሚል መቼ እንደተመለሰ ዓይን አይለይም፤ መሃል ላይ ግን በፍጥነት ነው የሚያልፈው። ከኋላው ነጭ ወረቀት ለጥፈሽ ቀጭን መስመር አስምሪ። ያየው ሰው ራሱ ይጫን፤ ያስጀመረው ራሱ ያቁም። ሲጀምርም ሲያቆምም በእኩል ከዘገየ መዘግየቱ ይጣፋል።

እኛን ያቃጠለን ይሄ አራተኛው ነው። የኛ ረዳት፣ ከመካከላችን አንዱ «ጀምር!» እያለ እንዲጮህ፣ ሌላው እንዲጫን ነበር ያዘዘን። የሁለት ሰው መዘግየት ይደራረባል ብንለው «የተባላችሁትን ሥሩ» አለን። ወጣ ሲል በራሳችን መንገድ ለካን፣ 9.8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 አገኘንና ያንኑ ጻፍን። በቀይ ሰረዘው። «9.81 ነው መምጣት ያለበት፣ ኤረሩም 0.01 ነው፣ ስቶፕዋቹ ላይ ተጽፏል» ብሎ ማርካችንን ቆረጠ። ከመጽሐፍ ላይ 9.81 ገልብጦ ወደ ኋላ እየሠራ ሠንጠረዡን የሞላው ግሩፕ ሙሉ ማርክ አገኘ። አቤት ልንል ቢሮ ስንሄድ በር ላይ ካስቆሙን በኋላ «ማርክ አንዴ ገብቷል» ተብለን ተመለስን። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ልክ የነበርነው እኛ ነን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ያለው ጂ ከ9.78 ትንሽ ዝቅ ይላል። 9.81ን አጥብቆ የጠየቀን ሰው የአውሮፓን ቁጥር ነበር የጠየቀን። በእጅ የተያዘ ሰዓት ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ ለዚህ ነው 0.1 ብለን የጻፍነው።

በዚህ የተጎዳን እኛ ብቻ አይደለንም። በ1796 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ያለው የግሪኒች ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ) ኃላፊ ማስኬላይን ረዳቱን ኪነብሩክን ከሥራ አሰናበተው። ጥፋቱ ኮከብ በቴሌስኮፑ መስመር ሲያልፍ የሚመዘግበው ሰዓት ከአለቃው በ0.8 ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ነበር። ጀርመናዊው አስትሮኖመር ቤሰል ዓመታት ቆይቶ ነገሩን ሲመረምር ታላላቆቹ አስትሮኖመሮችም እርስ በርስ እንደሚለያዩ አገኘ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መዘግየት አለው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር ስቶፕዋች አላስይዝም፤ ሁሉም መጀመሪያ በማስመሪያው የራሱን ይለካል። 9.81 ሳይሆን ከነመዋዠቁ ያገኘውን ለጻፈ ነው ማርክ የምሰጠው።

የቀረው ቀላል ነው። ክሩን ስትለኪ እስከ ኳሱ መሃል ለኪ፣ እስከ ቋጠሮው ብቻ አይደለም። ከ10 ዲግሪ በላይ አትሳቢው፤ 30 ዲግሪ ከሳብሽው ጊዜው ወደ 1.7 በመቶ ይረዝማል። ስትለቂው አትግፊው። የሚቀጥለው ላባችሁ በነፃ ስለሚወድቅ ኳስ ከሆነ ግን በእጅ አትሞክሪው፤ ከአንድ ሜትር የሚወድቅ ኳስ 0.45 ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው። ፋይፎክስ የሚባለውን ነፃ አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ። በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆም ስቶፕዋች አለው። ኳሱን ከጠረጴዛ ወጣ ባለ ማስመሪያ ላይ አስቀምጠሽ ማስመሪያውን በብረት ስትመቺው ሰዓቱ ይነሳል፣ ኳሱ መሬት ሲመታ ይቆማል።

ሪፖርቱን ከማስገባትሽ በፊት ጥሬውን ዳታ በእስክሪብቶ ጽፈሽ ረዳቱን አስፈርሚው፣ ፎቶም አንሺው። እኛ ቢሮ ስንሄድ በእጃችን ምንም አልነበረም። ነገ ደግማችሁ ስትለኩ የ20ውን ምልልስ ጊዜና የክሩን ርዝመት እዚህ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።