ሽማግሌ ያስታረቀው ልጅ ፍርድ ቤት ይቀርባል?

ጥያቄ፦ የ13 ዓመቱ የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ እየኖረ ይማራል። ባለፈው ወር ጅማ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ሞባይል ሲያነሳ ተይዞ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ደርሷል። ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም። ስልኩ ተመልሷል፤ የሰፈር ሽማግሌዎችም ከባለሱቁ ጋር አስታርቀውናል። ባለሱቁ ግን ልጁ 3 ወር ያለ ክፍያ እንዲያገለግለው ጠይቋል። በዕርቁ ጉዳዩ አለቀ? ልጁስ ወንጀለኛ ተብሎ ይቀራል?
ከቦሳ አዲስ ከተማ

መልስ፦ ዕርቁ ብቻውን የተከፈተውን መዝገብ አይዘጋም። ስርቆት እንዲህ ባለ ሁኔታ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ፣ ባለሱቁ ይቅር ቢልም ውሳኔው የዓቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ነው። ያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ የደከሙት በከንቱ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ጉዳዮች ከመደበኛው ክስ ውጭ እልባት የሚያገኙበትን መንገድ ይቀበላል፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 40 ለልጆች ይህንኑ ይደግፋል።

ፍርድ ቤት ቢቀርብም ነገሩ እንደሚፈሩት አይደለም። የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአዋቂ ታሳሪ ጋር እንዲቀላቀልም አይፈቅድም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ቀጠሮ ካስፈለገ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ እንዲሰጥ ያዛል። ዳኛው ሊገሥጸው፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ ወይም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 159 መሠረት ለዘመድ ወይም ለታመነ ሰው አደራ ሰጥቶ በክትትል እንዲታነጽ ሊወስን ይችላል። እነዚህ እርምጃዎች እንደ ወንጀል ቅጣት አይቆጠሩም።

ስለዚህ የእናንተ ሥራ ዕርቁን ዳኛው ሊያምነው የሚችል ዕቅድ ማድረግ ነው። ልጁን ማን በየሳምንቱ እንደሚያየው፣ ከትምህርት ሲወጣ የት እንደሚውል፣ ከየትኞቹ ጓደኞቹ እንደሚርቅና የክፍል ኃላፊ መምህሩ ምን እንደሚከታተል በጽሑፍ አስፍራችሁ፣ ሽማግሌዎቹና ባለሱቁ ፈርመውበት ለዓቃቤ ሕግ አቅርቡ። እንደ እኔ አስተያየት የብዙ ሽምግልና ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ አዋቂዎች ስለ ስልኩ ዋጋና ስለ ቤተሰቡ ክብር ተነጋግረው ይለያያሉ፣ ልጁን ግን ለምን እንዳነሳው አንድ ሰው እንኳ አይጠይቀውም። የእህትዎ ልጅ ስልኩን ሊሸጠው ነበር? ሰው ልኮት ነው? መልሱ ዕቅዱን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

የ3 ወሩን ነፃ አገልግሎት ግን አይቀበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛው የቅጥር ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ያለ ደመወዝ ሲሆን ደግሞ ካሳ መሆኑ ቀርቶ የጉልበት ብዝበዛ ይሆናል። ስልኩ ከተመለሰ ካሳው ባብዛኛው ተፈጽሟል። ባለሱቁ አጥብቆ ከጠየቀ፣ ልጁ እርስዎ ባሉበት ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠይቀውና ቅዳሜ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ትምህርቱን በማይነካ መልኩ፣ ለጥቂት ሳምንታት ለሰፈሩ በሚጠቅም ቀላል ሥራ እንዲሳተፍ ሐሳብ ያቅርቡለት።

የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ከሌለ የክርስትና ወይም የክትባት ካርዱን፣ ዛሬውኑ ይፈልጉ፤ ዕድሜው ከ15 እንዳለፈ ከተገመተ የሚታየው በመደበኛው ሕግ ነውና።