የቤት ሰርቨር፣ የጌም ኮምፒውተርና የመብራት ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከሥራ መልስ የምጠመድበት ሱሴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይልና ፊልም ለቤቱ ሁሉ የምታቀርብ ኮምፒውተር፣ ሌት ተቀን ትሠራለች፤ በመኝታ ክፍሉ ጥግም ካገለገሉ ዕቃዎች የገጣጠምኩት የጌም ኮምፒውተር አለ። ይኸው ፍቅር ያለባቸው ወዳጆች የፈለጉትን እንዲጠይቁኝ ከጋበዝኳቸው በኋላ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለጌም ኮምፒውተር ያጠራቀምኩት ገንዘብ ውስን ነው። ቅድሚያ ለግራፊክስ ካርድ ልስጥ ወይስ ለራም?

መልስ፦ ለሁለቱም አይደለም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመብራቱ ነው። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሲመጣም ሊፈራ ይገባል፤ ምክንያቱም የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም በመጣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ይሄዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በ2011 ዓ.ም. አንድ ምሽት መብራት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመጣ፣ የልጄን የክርስትና ፎቶዎች የያዘው ሀርድ ዲስክ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ እያሰማ ሲቀር ነው። ፎቶዎቹ አልተገኙም፤ ዛሬ ያሉን አያቷ በስልካቸው ያነሷቸው አራት ደብዛዛ ምስሎች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ፣ ይግዙ። ሲገዙም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ በዚህ ደረጃ ያሉት በአብዛኛው የሚሸከሙት ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። በውስጣቸው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ ስለሆነ፣ ጌም እየተጫወቱ መብራት ቢሄድ የሚያገኙት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያ ጊዜ የተሰጠዎት ጨዋታውን እንዲጨርሱበት ሳይሆን ሴቭ አድርገው ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲያጠፉበት ነው። ባትሪው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሲደክም ባትሪውን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ደህናውን ዩፒኤስ «ሞተ» ብለው በርካሽ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዱን የገዛሁት ከእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ በባዶ እግሬ ሆኜ የኮምፒውተሬን ኬዝ ስነካው ይነዝረኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ዕቃው ደህና ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ግራውንድ የምንለው የመሬት መስመር ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች ከኬዙ ጋር ተያይዘዋል። እነሱ የሚያሳልፉት እጅግ ትንሽ ከረንት በመሬት መስመሩ መውረድ ሲገባው መስመሩ ስለሌለ ኬዙ ላይ ይቀራል፤ በመለኪያ ቢታይም የ220ው ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይህ በራሱ ሰው ባይጎዳም፣ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ እንደተለኮሱ የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ መሰኪያውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ከዚያም በላይ አንድ ቀን እውነተኛ ብልሽት ቢደርስ የሚያድንዎት ነገር የለም ማለት ነው። መጀመሪያ ዲቫይደርዎን ይመልከቱ፤ ከግድግዳው የሚገባው ሶኬቱ ሁለት እግር ብቻ ካለው ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከግድግዳው ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር አያስሩ።

ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ትልቅ የራክ ሰርቨር በርካሽ አገኘሁ። ለቤት ይሆናል?

መልስ፦ ለመማሪያ ይሆናል፤ ለቤት ግን አልመክርም። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ 150 ዋት ቢበላ፣ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪዎ ላይ ይጨምራል። ድምፁንም ያልሰማ ሰው አያምነውም፤ ጓደኛዬ ያመጣውን ሳሎኑ ውስጥ የለኮስነው ቀን ጎረቤት በር አንኳኩቶ ምን እንደሆነ ጠይቆናል።

እኔ የምጠቀመው ከቢሮ የወጣች፣ መጠኗ ከወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ናት፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮም ተመሳሳይ ነው። ፕሮሰሰሯ ባለ 35 ዋት የስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ሲሆን፣ ሥራ ሳይኖራት ወደ 12 ዋት ትበላለች፤ ይህም በወር ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስለማይቀበል፣ ዊንዶውስ 10ም በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስለተቋረጠ፣ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከቢሮ እየወጡ ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ለሚጫነው ነፃ ሥርዓት፣ ለዴቢያን ሊኑክስ፣ ግን ገና ወጣት ናቸው። አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብተው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ ያድርጉት፤ አለዚያ ክፍለ ሀገር ሄደው ሳሉ ሰርቨርዎ ጠፍቶ ይከርማል።

በእሷ ላይ ጄሊፊን ፊልሞቻችንን ያሳያል፣ ሲንክቲንግ የስልኮቻችንን ፎቶ ይሰበስባል፣ ኪዊክስ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት በሚሆን አንድ ፋይል ያለ ኢንተርኔት ያነባል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ቀናት ልጄ የቤት ሥራዋን የሠራችው በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ባክአፕ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲሠራ ባዝዘውም ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ይጀምርና ኔትወርኩን ያጨናንቀዋል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እኔም ያጠፋሁትን ነው ያጠፉት። ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው ክሮን በተባለው ፕሮግራም ላይ 8 ብለው ጽፈዋል፤ ለማሽኑ 8 ማለት ደግሞ የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የእኛን የሌሊት 8 ሰዓት ከፈለጉ 2 ብለው ይጻፉ። ይህን አስተካክለውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢጀምር አይደንግጡ፤ የሰርቨሩ ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ላይ ተትቶ ነው፤ እኛ ከእሱ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ይለውጡት። ሰዓቱ ከዚህም አልፎ መብራት በሄደ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች። «ድረ ገጾች ሁሉ አደገኛ ናቸው እያለ አልከፍትም አለ» ብሎ ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ከቫይረስ በፊት ቀኑን ያዩለት፤ የድረ ገጾቹ ምስክር ወረቀት በኮምፒውተሩ ቀን ሲታይ ገና ያልጸና ስለሚሆን ነው የሚከለክለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የእናቴን የስብከትና የመዝሙር ስብስብ ከላፕቶፔ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ስቀዳ አንዳንዶቹ የአማርኛ ፋይሎች እምቢ ይላሉ፤ ስማቸው በእንግሊዝኛ የተጻፉት ግን በሙሉ ያልፋሉ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ስለወደድኩት ትንሽ ልዘርዝረው። በሊኑክስ የተለመደው የኢኤክስቲ 4 የፋይል ሥርዓት አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ይገድባል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲፈጅ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው 255 ፊደል ሲፈቀድለት እኛ 85 አካባቢ ላይ እንቆማለን። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ እዚያ ያለ ችግር ይቀመጥ የነበረው ስም ነው ሰርቨሩ ላይ የሚመለሰው። የእናትሽ ፋይሎች የሰባኪውን ስም፣ ርእሱን፣ ደብሩን፣ በዓሉንና ዓመተ ምሕረቱን በአንድ መስመር የያዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ የእኔም እናት ፋይሎች እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ሰባኪውንና ደብሩን የፎልደር ስም ማድረግ ነው፤ ገደቡ ለእያንዳንዱ ስም ለብቻው ስለሆነ በፎልደር ሲከፋፈል ምንም አይጎድልም። በዚያው «ጸሎት» እና «ፀሎት»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» ተብለው የተጻፉትን ወደ አንድ አጻጻፍ አምጫቸው፤ ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይገኝም።

ጥያቄ፦ በቨርጂንያ ያለችው አክስቴ ኤክስቦክስ 360 እና አሮጌ ዴስክቶፕ ልትልክልኝ ነው። እንደመጡ ልሰካቸው?

መልስ፦ ከመሰካትህ በፊት አዳፕተራቸው ላይ የተጻፈውን አንብብ። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃሃል፤ የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች ሁሉም ለማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። ለአሜሪካ የተሠራው የኤክስቦክስ 360 አዳፕተር ግን ከ127 ቮልት በላይ አይችልም፤ ስለዚህ ለ220 የሚሆነውን አዳፕተር እዚሁ ፈልግለት ወይም በቂ ዋት ያለው ትራንስፎርመር ግዛለት። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው፣ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ታገኝ ይሆናል፤ 115 ላይ ከሆነች ወደ 230 ግፋት። እኔ አንድ ጊዜ ሳላያት ለኩሼዋለሁ፤ ፍንዳታው ከተሰማ በኋላ ክፍሉ ለሁለት ቀን የተቃጠለ ዕቃ ይሸት ነበር።

ጥያቄ፦ «አርኤክስ 580» የተባለ የግራፊክስ ካርድ ከሌላው ቦታ በጣም ረክሶ አገኘሁ። ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ ነገር ግን «2048 ኤስፒ» የሚል ከሆነ እውነተኛው 580 አይደለም። እውነተኛው 2304 የማስያ ክፍሎች ሲኖሩት ይህኛው 2048 ብቻ ስላሉት በአቅሙ ከአርኤክስ 570 ጋር የሚስተካከል ነው፤ በ570 ዋጋ ከሸጡልዎት ደህና ግዢ ነው። ክሪፕቶ ሲቆፍር የኖረ ካርድ ከሆነም አልሸሽም፤ ነገር ግን ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አስከፍቼ ማራገቢያዎቹን አዳምጣለሁ፣ ሙቀቱንም እከታተላለሁ። ያን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቶኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈጣን ኢንተርኔት አስገብተን እንኳ ኦንላይን ስጫወት ፒንጌ ከ100 አይወርድም። የጌም ራውተር ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብህን አታባክን። ፒንግ ማለት መልእክትህ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው። ፍጥነትና ርቀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ብቻውን ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ በየመንገዱም ብዙ ራውተር አለ። ጌሙ ዱባይ ላይ ሰርቨር ካለው እሱን ምረጥ፤ ርቀቱ ግማሽ ያህል ነው፤ መስመሩ በአውሮፓ በኩል የሚዞር ከሆነ ግን ላይጠቅምህ ስለሚችል ሞክረህ አወዳድር። ዋይፋዩን ትተህ በኬብል መጫወት ፒንጉን ብዙ ባይቀንሰውም መዝለሉን ያቆመዋል፤ የሚያናድደውም መዝለሉ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጌም 100 ጊጋባይት ሲሆን አምስት ጓደኛሞች በየቤታችን ማውረድ አለብን?

መልስ፦ አንዱ ያውርድ። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የቤት ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ጌም ያስተላልፋል፤ እያንዳንዳችሁ ጌሙን መግዛት ቢኖርባችሁም ፋይሉን ከኢንተርኔት መጎተት አይጠበቅባችሁም። ቅዳሜ ከአንዱ ቤት ተሰብሰቡ፣ በኬብል ተያያዙ፤ ቡና ሳይደርስ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲኬ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ ይጎትተዋል።

መልስ፦ በዱላው ሥር አቅጣጫውን የሚለካው ትንሽ ክፍል ተበልቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ጆይስቲኩን አጥፍተው በዱላው ዙሪያ ጥቂት ጠብታ አይሶፕሮፒል አልኮል ያድርጉና ለሁለት ደቂቃ ያሽከርክሩት፤ እስኪደርቅም ይጠብቁ። አቧራ ከሆነ ይድናል። ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ ግን የተበላ ነው፤ ክፍሉ በብየዳ ስለሚቀየር ለባለሙያ ይስጡት። ሽቶ ወይም አረቄ የሚጠቀሙ አይቻለሁ፤ አጣብቆት ይቀራል።

ጥያቄ፦ 2 ቴራባይት ፍላሽ እጅግ በርካሽ እየተሸጠ ነው። እውነት 2 ቴራባይት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል የተደረገ ነው፤ ሲሞላ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ እየጻፈ ያጠፋዋል። ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልተው ሳይፈትኑ ምንም አያስቀምጡበት።

ጥያቄ፦ ባለቤትዎ ይህን ሁሉ ዕቃ ዝም ብላ ታየዎታለች?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ አትወደውም ነበር፤ በተለይ የኬብሉን መዓት። ኢንተርኔት በጠፋበት አንድ ሳምንት ልጆቹ ፊልማቸውን እንደ ወትሮው ሲያዩ ካየች በኋላ ግን ስለ ኬብሉ አንሥታ አታውቅም። አሁን የቀራት ቅሬታ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሌሊት የሚያሰማው ጩኸት ነው። የእኔው አዝራሩን አንድ ጊዜ ጫን ሲያደርጉት ዝም ይላል፤ አዝራሩ የት እንዳለ በጨለማ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።