ያቺ የፔሳህ ካርቶን

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የኛ የአይሁዶች ፋሲካ፣ ፔሳህ፣ ሲቃረብ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ደወለችልኝና "ለፔሳህ ለተቸገሩ ቤቶች አስቤዛ ልናድል ነው፣ ስንሰጥ ቀርፀን ቲክቶክ ላይ ብንለቀው ምን ይላሉ?" አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ፣ በፈረንጅ 1992 ትዝ አለኝ።

እኔ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በ1984 እስራኤል የገባሁ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ በ1992 ገና ጀማሪ ሶሻል ዎርከር ነበርኩ። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ካራቫን ሰፈር፣ ጊዜያዊ ተገጣጣሚ ቤቶች ውስጥ፣ ነበሩ። ከአንድ ድርጅት ጋር ካርቶን ይዘን ሄድን፣ ማጻ (የፔሳህ ቂጣ)፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ድንች። ፎቶ አንሺም አለ። አንዲት እናት ደጃፍ ቆሜ ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጎንደር እያሉ ሸክላ ሠርተው እየሸጡ ቤታቸው የገባውን ሁሉ የሚያበሉ ሴት ናቸው። ፎቶ አንሺው "ካርቶኑን ይያዙልኝ፣ ፈገግ ይበሉ" ሲል እኔው ነኝ ያስተረጎምኩላቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑና "ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?" አሉኝ። ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉት። ማታ ብቻዬን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ፣ አፍሬ ቀረሁ፣ እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ጼዳካ፣ በዕብራይስጥ ለተቸገረ የሚሰጠው፣ ከኛው ጽድቅ ጋር እኮ ሥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙም ፍትህ ነው፣ የሰጪው ቸርነት ሳይሆን የተቀባዩ ድርሻ ማለት ነው። ድሮ ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሰጪ በስውር የሚያስቀምጥበት፣ ከደህና ቤት ወጥቶ የደኸየ ሰው ደግሞ በስውር የሚወስድበት ክፍል ነበር። የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሊቅ ራምባም ስጦታን 8 ደረጃ ሲያወጣለት ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ሁለተኛ አድርጎታል። ከሁሉ በላይ ያለው ሰውየው ድጋሚ እጁን እንዳይዘረጋ ማበደር፣ ሥራ መስጠት፣ አብሮ መነገድ ነው፣ ገማህ የሚባለው የበጎ አድራጎት ብድር ቤት ያለ ወለድ የሚያበድረውም ለዚህ ነው።

የዛሬ ልጆች ካልተቀረፀ የተደረገ አይመስላችሁም፣ ይሄ ያናድደኛል። ግን ደሞ እውነቱን ልናገር፣ እኛ ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞረን የማንሰበስበውን እናንተ በዋትስአፕ ባንድ ሌሊት ትሰበስባላችሁ፣ ሰውም ካላየ አይሰጥም። እና ልጅቷን ካርቶኑን ቅረፁ፣ የሰው ፊትና የሰው በር ግን አትቅረፁ አልኳት።

እኚያን እናት ከፔሳህ በኋላ አንድ አርብ ምኩራቡ በር ላይ አየኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሳንቲም አወጡ፣ ግራ ቀኝ አይተው ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ የጼዳካው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ከመኪናው ጀርባ ነበርኩ፣ አላዩኝም።